ስም የዘገየባት ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለሲዮሳያ፤ ቫቫኡ፣ ቶንጋ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እማማስ እንደምን ናት፤ ጉልበቷን በኮኮናት ዘይት ማሸቱ በጃት ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ «ውይ ውይ» ትላለች? ፔሌናቲታ ከወሊዱ በደንብ ተጠናከረች? ተቪታስ ከማንጎው ዛፍ ላይ መውደቁን ተወ? አጎታችን አፋ ሐኪሙ የነገረውን ሰምቶ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል ወይስ ያው ካቫውን ሲጠጣ ካቫ ቤት ያመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገና መጀመሩ ቢሆንም ሁለት ካልሲ ደርቤ እተኛለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ጠይቄ አንዷን የረሳኋት እንዳይመስልህ። ሴት ልጅህን በስሟ ልጠይቅ ብል ስም የላትም፤ ስም ያጣችውም በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ስልክ እያለ ምነው በወረቀት እንዳትለኝ። አባባ ነፍሱን ይማረውና «ስም በስልክ አይላክም፤ ተጽፎ በሰው እጅ ይመጣል» ይል እንደነበር ታውቃለህ። የተቪታንም ስም የላክሁልህ እንዲሁ ነበር። ይህኛውን የቤተ ክርስቲያናችን ሉሴ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኔያፉ ስትመጣ ታደርስልሃለች። ፖስታው ዘይት ነክቶት ብታገኘው ከእሷ ሻንጣ ነው፤ በእኔ አትፍረድ።

በእኛ ወግ የወንድም ልጅ ስም የሚያወጣ የአባትየው ታላቅ እህት እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። አምጣ የወለደችው ፔሌናቲታ እንኳ ከእኔ ቀድማ አፏን አትከፍትም። ይህን ያህል ሥልጣን ተሸክሜ አምስት ወር ሙሉ ጭጭ አልኩ። ምክንያቱን ያኔ ልነግርህ አልችልም ነበር፤ አሁን ግን ተፈቅዶልኛልና ከሥሩ ጀምሬ ላጫውትህ።

እዚህ የከዋክብት ምርምር ማዕከል ከገባሁ እነሆ ዓመት ሞላኝ። ማዕከል ስልህ አንድ ትልቅ ሕንፃ አይምሰልህ። እኛ ሜልበርን ነን፤ ሌሎቹ ፐርዝ፣ አደሌድ፣ ካንቤራ ናቸው፤ ከጣሊያንና ከአሜሪካ ሰዎችም ጋር አብረን ነው የምንሠራው። እነሱ ሲተኙ እኛ ተራ እንጠብቃለን። አብዛኞቹን የማውቃቸው በስክሪን፣ ከደረት በላይ ብቻ ነው። አንዱን በድምፁ ግዙፍ ሰው አድርጌው ኖሬ በአካል ሲመጣ ትከሻዬ ጋ ቢደርስ ነው፤ ሳቄን በስንት መከራ ዋጥኩት።

እማማ በየደረሰችበት «ልጄ አውስትራሊያ ኮከብ ትቆጥራለች» ትላለች አሉ። ኮከብ አንቆጥርም፤ እንዲያውም አናይም። በጣም ሩቅ ቦታ ሁለት የሞቱ ከዋክብት ሲጋጩ ሰማዩ ራሱ ይናወጣል፤ ያ መናወጥ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የሌለ ያህል ቀጥኖ ነው። ከኑኩአሎፋ የሚመጣው መርከብ ከዓይን ርቆ ካለፈ በኋላ ማዕበሉ ዘግይቶ ዳር ደርሶ ጀልባህን ነቅነቅ ያደርጋት የለም? መርከቡን አላየኸውም፣ ማለፉን ግን ታውቃለህ። እንደዚያ በለው። ያንን የሚይዙ ትልልቅ መሣሪያዎች ባሕር ማዶ አሉ፤ የእኔ ሥራ ከእነሱ ከሚመጣው ጫጫታ መሃል ያንን ቀጭን ነገር መፈለግ ነው። ጫጫታው ደግሞ አይጣል ነው! ነፋሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ የባሕሩ መምታትም ሁሉ ይገባበታል።

አለቃዬ ብሮንዊን ትባላለች፤ ስድሳውን ያለፈች፣ ቢሮ ውስጥ በባዶ እግሯ የምትዞር ሴት። መጀመሪያ ቀን «ዶክተር» ብዬ ብጠራት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ «ማን መጣ ደግሞ?» አለችኝ። ከጎኔ የሚቀመጠው ዳርሲ የበግ አርቢ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። በየጠዋቱ «እሺ ሌሲዬሊ፣ ሰማዩ ዛሬ ምን አለሽ?» ይለኛል። እኔም «ያን ልጅ ሥራውን ይሥራ በይው አለኝ» እለዋለሁ። ተስማምተናል።

አንድ ደንባችንን ካልነገርኩህ ግን ታሪኩ አይገባህም። ከመካከላችን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ሳናውቅ፣ አንዳንዴ የሐሰት ምልክት ሠርቶ መሣሪያው ውስጥ ይከታል። ነቅተን መጠበቃችንን ለመፈተን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ስናገኝ ከሰማይ ይምጣ ከሰው እጅ አናውቅም። ወራት ለፍተን፣ ጽሑፉን ጨርሰን፣ ሁሉም ከተስማማ በኋላ ነው የሚገለጥልን። እስከዚያ ለእናትም ለወንድምም ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። እርስ በርሳችን እንኳ «እውነተኛ» የሚለው ቃል ያመለጠው ሰው በማግስቱ ለጠዋት ሻይ ኬክ ያመጣል።

እኔ መጀመሪያ ያመለጠኝ ዕለት ኬኬ ጠብሼ ወሰድኩላቸው፤ እማማ እንደምትጠብሰው ድብልብል፣ ትኩስ ትኩሱን። ምነው እጄን በቆረጠው! ከዚያ ወዲያ ሆን ብለው ያጠምዱኝ ጀመር። ዳርሲ የጨዋ ፊት አስመስሎ «የቤተ ክርስቲያናችሁ ዝማሬ የሰው ነው ወይስ ቴፕ ነው የምትከፍቱት?» ቢለኝ ደሜ ፈላና «እውነተኛ ነው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። ኔቪል የሚባለው ዝምተኛ ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ፤ ኬኬዬን ከሁሉ አብልጦ የሚበላው እሱ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ኖቬምበር አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ተራው የእኔ ነበር። ስክሪኑ ላይ ከታች ተነሥታ ሽቅብ የወጣች አንዲት ጭረት አየሁ። ወደ ድምፅ ስንለውጣት ወፍ አንዴ ጪው ብላ ዝም እንደምትለው ናት። ዳርሲን ጠራሁት፤ መጥቶ አየና ቀልድ ጠፋው። ብሮንዊን መጥታ ጎንበስ ብላ ብዙ ከተመለከተች በኋላ ወደ ቢሮዋ ሄዳ ጫማዋን አደረገች። ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ቤቴ ስገባ የአንተ መልእክት ጠበቀኝ፤ ሴት ልጅ፣ ከቀትር በኋላ፣ እናትም ልጅም ደህና። የእናንተን ሰዓት ከእኛ ጋር አመሳክሬ አሰላሁት። ያቺን ጭረት ሳይ ፔሌናቲታ ምጥ ላይ ነበረች! እልልታዬን ጎረቤት ሰማ። በአገራችን ልጅ በተወለደበት ቀን በሆነው ነገር ይጠራል፤ አጎታችን አፋ አውሎ ነፋስ አገር ምድሩን ሲያገላብጥ ተወልዶ አፋ፣ አውሎ ነፋስ፣ ተባለ፤ ጠባዩም ስሙን ተከትሎ ቀረ። እኔም «ስሟ ራሱ መጣ» አልኩ፤ ኦንጎላንጊ፣ የሰማይ ድምፅ። ከዚህ የበለጠ ስም ከየት ይመጣል?

ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ? «ምን ሰምተሽ ነው?» ማለትህ አይቀርም። ደግሞስ ያቺ ጭረት ከሰው እጅ የወጣች ብትሆን፣ ልጅቷን ዕድሜ ልኳን በውሸት ላስጠራት ነው? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳልባል፣ «ጠብቅ» ብዬ ላክሁብህ። ገና መጣ፣ ጠየቅኸኝ፣ «ጠብቅ»። አዲሱ ዓመት ገባ፣ «ጠብቅ»። አንተ ጨዋ ነህ፤ ታላቅ እህትህን ቀና ብለህ አልወቀስክም። እማማ ግን ስልኩን ነጥቃህ «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? የወንድምሽን ልጅ ጠላሻት ወይ? ጎረቤቱ መጠቋቆም ጀምሯል እኮ! ለሜይ የልጆች እሑድ ትጠመቃለች ብለው መጋቢው ቀን ቆርጠዋል፤ በምን ስም ላቅርባት?» አለችኝ። «ጠብቂ እማዬ» አልኩና ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከዚያ የፌብሩዋሪው ደብዳቤህ መጣ። «እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ይህ ከእኔ አፍ አልወጣም፤ ካቫ ቤት የተጀመረ ነው» ብለህ ጀመርክ። ሰዎቹ የልጅቷ ስም ማን ነው ሲሉ አጎታችን አፋ «ታሊ በሏት፤ ጠብቂ! አክስትየዋ ከአውስትራሊያ የላከችው ቃል ይኸው ብቻ ነው» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ ተቪታም ታሊ፣ ጎረቤቱም ታሊ፣ እማማም ስትቆጣ ቆይታ ልጅቷን ስታጥብ ታሊ፣ ታሊ ሆነ። «ትንሿም ሲጠሯት ዞር ትላለች» ብለህ በመጨረሻ ጨመርክ። እግዚኦ እንዴት እንደበገንኩ! የወንድሜ ልጅ፣ ኦንጎላንጊ የምትባለው፣ በካቫ ቤት ቀልድ ትጠራ? አፋን ያን ቀን አግኝቼው ቢሆን ኖሮ በሽበቱም አልምረውም ነበር።

ያለፈው ሐሙስ የሚገለጥበት ቀን ሆነ። ታኦቫላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ ሄድኩ። ዳርሲ አየኝና «ምንጣፍ ጠምጥመሽ ወዴት ነው?» አለኝ። «ዛሬ ስም አወጣለሁ» አልኩት፤ ግራ ገባው። ስክሪኑ በየከተማው ሰው ሞላ፤ ጣሊያኖቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በፒጃማ ቀርበዋል። ብሮንዊን «እንግዲህ የምታውቅ፣ ተናገር» አለች። ሁላችንም ስክሪኑን ስናይ ከኋላችን ወንበር ተንቀሳቀሰ። ኔቪል ተነሣ። ኔቪል! ጉሮሮውን ጠረገና «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለ።

ከሰማይ አልመጣም፣ ሲዮሳያ። የመጣው ከመስኮቱ ጥግ ካለው የኔቪል ጠረጴዛ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰውዬው ኬኬዬን እየበላ፣ ስንከራከር እያየን፣ አምስት ወር ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበበትም።

ሌሎቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ብሮንዊን ተከትላኝ መጥታ በሩን ቆረቆረችው። ከፍቼላት ሁሉንም ነገርኳት፤ ምጡን፣ ሰዓቱን፣ ኦንጎላንጊን፣ የእማማን ቁጣ። ወለሉ ላይ በባዶ እግሯ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስሚኝ ሌሲዬሊ፤ ያን ሁሉ ጫጫታ ሰንጥቀሽ ያቺን ቀጭን ነገር ያወጣሻት አንቺ ነሽ። እነዚያ የሚያጨበጭቡት ለምን ይመስልሻል? እውነተኛው ሲመጣ አያመልጠንም ማለት እኮ ነው» አለችኝ። በእንባዬ መሃል «እውነተኛ አልሽ፤ ነገ ኬክ ያንቺ ነው» አልኳት። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ከዚያ «ለመሆኑ ልጅቷን እስካሁን ምን እያሉ ነው የሚጠሯት?» አለችኝ። ታሊ፣ ጠብቂ ማለት ነው፣ የአጎታችን ቀልድ ነው አልኳት። «ሲጠሯትስ ትሰማለች?» አለችኝ። «አዎ፣ ዞር ትላለች» አልኩ። ይህን ከአፌ ሳወጣ እኔው ደነገጥኩ። እኔ አምስት ወር ሙሉ ከሰማይ የጠራኝ አለ የለም እያልኩ ጆሮዬን ሳቆም፣ ልጅቷ እዚያ በስሟ ተጠርታ አቤት ብላለች። ሰው ሲጠራት ዞር የምትል ልጅ ስም የላትም ማለት እችላለሁ? ደግሞ በተወለደችበት ቀን የሆነው ነገር ምንድን ነው? የአፋ ቀን አውሎ ነፋስ ነበር፤ የእሷ ቀን መጠበቅ ነው። እኔ እዚህ ጠበቅሁ፣ እናንተ እዚያ ጠበቃችሁ። ይህ ደግሞ ማንም ሠርቶ ያስገባው አይደለም።

ስለዚህ የአባቷ ታላቅ እህት እኔ ሌሲዬሊ፣ ስሟ ታሊ ይሁን ብያለሁ። በጥምቀቱ ቀን ይህቺን መስመር በጉባኤው ፊት ቆመህ አንብባት። አፋ ደግሞ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ ብሎ እንዳይኮፈስ፤ ቀልዱ የእሱ ነው፣ ስሙ የእኔ ነው። ለድግሱ በስጦታ ከሚመጡት ምንጣፎች ምርጡ በወጋችን የእኔ ድርሻ መሆኑንም አትርሳ፤ ጠቅልለህ አስቀምጥልኝ። ነጭ ቀሚሷን ከሉሴ ጋር ልኬያለሁ፤ ቢሰፋት ታድግበታለች። እዚህ የሥራ ውሌን አድሰውልኛል፤ ደስ ብሎኛል። ኔቪልን ግን ለአንድ ሳምንት ኬኬ ከልክየዋለሁ፤ ይበለው።

እማማን ጉልበቷን ስመህ ይቅር በይኝ ትላለች በልልኝ። ፔሌናቲታን ስለ ትዕግሥቷ እግዚአብሔር ይስጥሽ በላት። ተቪታን ከዛፍ ውረድ፣ አክስትህ ከሩቅ ታይሃለች በለው። አጎታችን አፋን ቂም የለኝም፣ ግን ስመጣ እንነጋገራለን በለው። መጋቢውንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። በመጨረሻ ደግሞ ወደ ልጅህ ጠጋ ብለህ፣ ከፍ ሳታደርግ፣ ታሊ ብለህ ጥራት። ዞር ካለች የጠራሁሽ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አክስትሽም ናት በላት።

ታላቅ እህትህ ሌሲዬሊ
ፉትስክሬይ፣ ሜልበርን
ኤፕሪል 12 ቀን 2019