ከእሑድ ስልክ በፊት

ለምወድህ ወንድሜ ምልኬሳ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የአዳማ ሙቀት ብቻ በርትቷል።

እማዬ የህመም ማስታገሻ ምርምርህን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘርፉ ስታስረዳ ብትሰማ ትስቅ ነበር። «ሞርፊን በአንድ በር ህመሙን ያስወጣና እንቅልፉን ያስገባል። ልጄ እንቅልፉ የማይገባበትን በር እየፈለገ ነው።»

«እንቅልፍ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«እሑድ ልጄ ይደውላላ!»

አልነገርንህም እንጂ፣ እሑድ እሑድ አንተ እስክትደውል የሞርፊን ሽሮፗን አትወስድም ነበር። «ምላሴን ይይዘኛል» እያለች ጥርሷን ነክሳ ትጠብቅሃለች። ባለፈው እሑድ ግን ስልኩ ሳይጮህ ገና በጠዋቱ «ሜቲ፣ ስጪኝ» አለችኝ። ስትደውል ተኝታለች ያልኩህ ለዚህ ነው።

ምርምር ጊዜ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እረፍትህን ግን ለፋሲካ ከምታቆየው አሁን ብታደርገውስ? አልጋህን አንጥፌዋለሁ። ስትገባ ድምፅህን አሰማ፤ ላንተ ትነቃለች።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች።

እህትህ ሜቲ