አንገተ አጭር ካንዴላ

አልሸጥኩትም! ወላሂ በዚህ ዕለተ ጁምዓ እምልልሃለሁ፣ አልሸጥኩትም! ደግሞ አራት አሮጌ የቮልስ ካንዴላ ማን ሊገዛኝ? «ትምህርት ያቋረጠ ሰው እጁ አያርፍም» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ስደውል አታነሳም። ይኸው ጻፍኩልህ፤ ወረቀት አይዘጋም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ። ሰላምታ ዘለለች ብለህ ደግሞ እንዳታማኝ። የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባም እንዳሉ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ እንዳለ ነው፣ ምላሳቸውም አልተፈታም። ከዐስር ሶላት በኋላ ደግፌ ግቢ አወጣቸዋለሁ፣ ቮልሷ ውስጥ ገብተው መሪዋን ይዘው ይቀመጣሉ። ትምህርቱንስ ያቋረጥኩት ማን ይደግፋቸው ብዬ አይደል? አንተ ከኮምቦልቻ በስልክ ልትደግፋቸው ነበር?

አሁን ወደ ጠባችን። እሁድ መጥተህ «ቅዳሜ አብዱልባሲጥ የሚባል ገዢ መጥቶ ሞተሯን ይሰማል» ብለህ ለአባ ነገርካቸው። ሰኞ ጠዋት ሞተሯን ላሙቅ ብዬ ኋላዋን ብከፍት አራቱም ካንዴላ የለም! አንተም ሳትጠይቅ ሳታጣራ «ወሰደችው» አልክ። ከዚያ በጋሹ ሚኒባስ አዲስ አራት ላክህ። የላክኸው እኮ የቪትዝ ነው! ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አንገቱ የቮልሷን እጥፍ ይሆናል። ብከተው ፒስተኑ ከታች መጥቶ ይመታዋል፣ ሞተሯም በዚያው አበቃላት። ይሄን ስነግርህ «ካንዴላ ያው ካንዴላ ነው፣ ባለሱቁ ነግሮኛል፣ አንቺ መቼ መካኒክ ሆንሽ?» አልከኝ። ባለሱቁ ማንኪያ ቢሰጥህም ይዘህ ትመጣ ነበር!

ስሜን ላጠራ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሰኞ ገበያን ዞርኩት። ሁሉም ጋ ረጅም ብቻ። ሀፊዝ የሚባል አንድ ደረቅ «ቮልስ? እስካሁን አለች እንዴ? አላህ ይርሐማት» ብሎ ሱቅ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። «አንተን ቀብራ ነው የምትሞተው» ብዬው ወጣሁ።

በመጨረሻ ገራዶ ጋሽ አግማስ ግቢ አንዲት የቆመች ቮልስ አለች አሉኝ። ትናንት በጠዋቱ ሄድኩ። ዶሮ ሰፍሮባታል፤ ካንዴላዎቿ ግን ደህና ናቸው፣ አንገታቸውም ልክ። ስንት ልክፈል ብል ተቆጡ። ለካ ሚስታቸውን የኔነሽን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሷት አባ ናቸው። «ብርሽን ያዢ፣ ግን ዱዓ ሳታደርጊልኝ አንዱንም አልፈታም» አሉኝ። እኔና ዱዓ! ክርስቲያኑ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ ምን ላድርግ? ለሳቸውም፣ ለየኔነሽም፣ ሲጨንቀኝ ለዶሮዎቹም አደረግሁ። ሁሉንም «አሚን» አሉ።

ቤት ገብቼ ገጠምኳቸው። ቁልፉን ባዞረው በአንዴ ተነሳች! ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሙሉ ሰማት። አባ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ሮጬ «ይኸው ተነሳች፣ ከነገ ወዲያ ገዢው ይሰማታል» አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ አባ ብቻቸውን፣ ያለ ደጋፊ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ከቮልሷ ኋላ ሲመጡ አገኘኋቸው። ግራ እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ብረት ከብረት ይጋጫል። አየኋቸው፣ አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። እጃቸውን በሳሙና አጠብኩላቸው፤ ኪሳቸውን አልነካሁም።

እና ነገ ሰውዬው ቢመጣ ቮልሷ አትነሳም። እኔ ደግሞ ሌላ ካንዴላ ፍለጋ አልወጣም። ከፈለግክ ራስህ ና፣ አባን ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ጠይቃቸው። ካልቻልክ ግን ለአብዱልባሲጥ «መኪናዋ አትሸጥም» በለው። እኔንም «አውፍ በይኝ፣ በድዬሻለሁ» ማለት አይገድልህም።

አላህ ወገብህን ያሽርልህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ለአባም ዕድሜ ይጨምርልን። ይሄን ጋሹ ቀትር ላይ በእጅህ ይሰጥሃል፤ አልደረሰኝም ማለት የለም።

የሰደብካት እህትህ

መግሪብ አዛን ሳይል ደውል! አንድ ጊዜ አይደለም፣ እስካነሳው ድረስ ደውል!