መብራት ሲሄድ የሚጻፍ መጽሐፍ

አባ ፎዚያ፣

ለሞተ ሰው እንደምን ሰነበትክ ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ዛሬ ልጽፍልህ የተቀመጥኩት ስለናፈቅከኝ ብቻ አይደለም፤ መብራት ስለሄደም ነው። ልብስ ሰፊ ቤት መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሠራ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁ አልተዘጋም። በሩ አሁንም ወደ ላይ ካልተነሳ አይከፈትም፣ ጣሪያው በዚያው ቦታ ያፈሳል፣ ባልዲውም እዚያው ነው ያለው። አንተ እያለህ ቁልፍ የምተክልና ጠርዝ የምዘመዝም ነበርኩ፤ ዛሬ ቆራጯም፣ ሰፊዋም፣ ተኳሿም እኔ ነኝ። ፎዚያ አዳማ ሥራ ይዛለች። እየደወለች እማዬ ዐረፍ በይ ትለኛለች፤ ዐረፍ ልል ስቀመጥ ደግሞ ዐረፍሽ ወይ ብላ ትደውላለች።

አሰላ ውስጥ መብራት ሲሄድ ደስ የሚለው ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። ወፍጮ ቤቱ ሲያማርር፣ ፀጉር አስተካካዩ የሰው ራስ በግማሽ ላጭቶ ሲቆም፣ አንተ መነጽርህን ጠራርገህ ታደርግና ከጆሮህ ላይ እርሳስህን ታወርዳለህ። ደንበኛ ከመጣ ፊትህን አሳዝነህ፣ ይሄ የስፌት መኪና ሞተር ከተገጠመለት በኋላ በእግር እሺ አይልም ትለዋለህ። ፔዳሉ ደህና እንደነበር እኔም አንተም እናውቅ ነበር። ምስጢርህን ስጠብቅ ኖሬ በመጨረሻ ያጋለጠህ መኪናው ራሱ ነው። ባለፈው ክረምት የዩኒፎርም ሥራ ተከምሮብኝ መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ፣ ጨንቆኝ ፔዳሉን ብረግጠው ነጎደልህ። ሀጂ ኡመር በር ላይ ቆመው ያዩኛል። “ከድር፣ አላህ ይርሐመው፣ ያንን ሱሪዬን አንድ ወር ያቆየው ለካ…” ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ። ይቅር እንዲሉህ በኋላ ለምኛቸዋለሁ።

ሰው ስትለካ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረህ። ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠምጥመህ፣ መላወሻ ካሳጣኸው በኋላ፣ እናትህ ላም ስታልብ ምን ትዘፍን ነበር ብለህ ትጠይቀዋለህ። ሰውየው የመጣው ሱሪ ሊያሰፋ ነው። ካልዘፈነ ግን ሜትሩ አይፈታም። የአርሲ ሽማግሌ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማቆም አይሆንለትም፤ ለአንድ ሱሪ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ኦሮምኛውን እንዳለ ትጽፈዋለህ፣ ከሥሩ አማርኛውን ትሞክራለህ። የምትጽፈው ደግሞ በደብተር ቢሆን ደግ ነበር፤ የሰውየውን ልክ በቆረጥክበት በዚያ በካኪ ወረቀት ላይ ነው እንጂ። ደብተር ግዛ ስልህ፣ ደብተር ይጠፋል፣ ሱሪ ግን ባለቤት አለው ትለኝ ነበር። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ልክ ሁሉ፣ ፊቱ ላይ የደንበኛው ስም፣ ጀርባው ላይ የደንበኛው ዘፈን ነበረው።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው እንደ ሥራ መፍታት ነበር። አልዋሽህም፣ መጽሐፍ ይበላል ወይ ብዬህ አውቃለሁ። ሃያ አምስት ዓመት የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ አንድ ቀሚስ አልሰፋህልኝም ብዬም ነዝንዤሃለሁ። አንድ ቀንማ መብራት መጥቶ፣ አምፖሉ ከራስህ በላይ በርቶ፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ አንተ ካኪ ወረቀት ላይ አቀርቅረህ አገኘሁህ። የሙሽራ ልብስ ለማግስቱ ቀጠሮ ነበረው። መብራት መጥቷል አልኩህ። ቀና ሳትል አልመጣም አልከኝ። አምፖሉን በጣቴ ባሳይህም አልመጣም አልክ። በንዴት ምሳህን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። አንተ ምሳ መቅረቱንም ያወቅክ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በለቅሶህ ሦስተኛ ቀን ሽማግሌዎቹ ተነስተው፣ ከድር ዘንድ አማና ያለው ይናገር፣ የሰው ነገር ይዞ እንዳይሄድ አሉ። አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው ዚፑን ወሰደ። እኔ ግን አልበቃኝም። አንተ ላይ የሰው ነገር እንዳይከብድብህ ብዬ ሱቁን ስፈትሽ፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀሉትን ልኮች አየኋቸው። ሁሉም ላይ የሰው ስም አለ። ስም ያለበት ነገር የባለቤቱ ነው አልኩ። የከተማውን በእጄ፣ የጢቾውንና የአቦምሳውን በአውቶቡስ፣ አንድ ሳላስቀር አስረከብኩ። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝም የለም። የሟች አማና ሲመለስ በሁለት እጅ ተቀብሎ ማልቀስ ነው እንጂ ማን ይጠይቃል። ደስ ብሎኝ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ባሌን አቀለልኩት ብዬ ሄጄ ተኛሁ።

ወር ሳይሞላ የመኪናውን መሳቢያ ስከፍት ደብተርህን አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ “መጽሐፉ” ይላል። ውስጡ አንድም ዘፈን የለበትም፤ ዝርዝር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሀጂ ኡመር፣ የኋላ ቁራጭ። ሁለተኛ፣ ኦቦ በሪሶ፣ ግራ እግር። እያለ ሃያ ሦስት ድረስ ይሄዳል፤ ሃያ ሦስተኛው ቁጥር ብቻ እንጂ ስም የለውም። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። የምትጽፈው መጽሐፍ እነዚያ ልኮች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ምዕራፍ በምዕራፍ በትኜ ለአርሲ ሁሉ አድዬዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ለቀማው ዓመት ፈጀብኝ።

ኦቦ በሪሶ ዘንድ ጢቾ ድረስ ሄድኩ። የሱሪያቸውን ግራ እግር በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ማንበብ ስለማይችሉ ለእንግዳ ሁሉ ከአሰላ የተላከልኝ የምስክር ወረቀት ነው ይሉ ኖሯል። አውርዱልኝ ማለት አልደፈርኩም፤ ወንበር ላይ ቆሜ ጽሑፉን ገለበጥኩት። ከሥሩ በአማርኛ “ጭላሎ ጉም ለብሶ ላሜን ደበቀብኝ” ይልና ቀጥሎ፣ በዚያው እርሳስ፣ “መብራት መጣ” ይላል። አለቀ። ሁሉም ልክ እንደዚያ ነው የሚያልቀው ብልህ ሳታውቀው አትቀርም። አንዱ መሃል ስንኝ ላይ፣ አንዱ መሃል ቃል ላይ፣ መብራት መጣ ብለህ ወደ ሥራህ ተነስተሃል። የኦቦ በሪሶ ላም እስካሁን ጉም ውስጥ የቀረችው በመብራት ምክንያት ነው።

ቀሪውን ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዘፈኑልኝ። ሚስታቸው ከጓዳ ወጥተው ተሳስተሃል ብለው ሌላ ዘፈኑ። ሲከራከሩ ዋሉ፤ አውቶቡስ አመለጠኝ። አንተ ሱሪ በቀጠሮው የማታደርሰው ለምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሁለተኛውን መስመር ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፦

ጭላሎ ጉም ለብሶ ላሜን ደበቀብኝ፤
ወተቷን ይጠጣና እሷን ይመልስልኝ።

ካልወደድከው ተወው። እኔ ግን ዲክሲስ ለሥራ የምትሄድ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ አነበብኩላትና ሳቀች። ሰው በጻፍኩት ነገር ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

ጋሽ ተስፋዬን ታስታውሰዋለህ፣ ከጎናችን ሱቅ የነበረው፣ አሁን አቦምሳ እህል የሚነግደው። እሱ ደግሞ ልኩን ለዚያ አገር ሰፊ ሰጥቶት፣ ሰፊው ሱሪውን ትቶ ዘፈኑን ይዞታል። ጭራሽ ከሥሩ የራሱን ስንኝ ጨምሮበታል። ግጥሙ አይረባም። ገልብጬ ግን ያንተ እንዳልሆነ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ያስቸገሩኝ ሀጂ ኡመር ናቸው። ሀጂ በወፈሩ ቁጥር ልካቸው ላይ ወረቀት ትቀጥልበት ነበር፤ ወረቀቱ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ዘፈኑ ይረዝማል። የመጽሐፍህ ረጅሙ ምዕራፍ የሳቸው ወገብ ነው። አራት ቅጥያ ያለበትን ወረቀት ለሰው አላሳይም ብለው ሁለት ወር ደብቀውኝ፣ በመጨረሻ “ዘፈኑ ይውጣ፣ ወገቡ ይቅር” ብለው ተስማሙ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው አንብቢልኝ አሉ። እናታቸው ሲያስተኟቸው ይሉት የነበረው ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ከናታቸው ሞት በኋላ ከአፋቸው የወጣው ያኔ አንድ ቀን ብቻ መሆኑን፣ ያንንም ያሉት ሜትሩን እንድትፈታላቸው ብለው መሆኑን ነገሩኝ። አባ ፎዚያ፣ ያን ቀን መጽሐፍ ይበላል ወይ ማለቴ ቆጨኝ።

ይህን ሁሉ የሠራሁት ከሥራ ተርፎኝ እንዳይመስልህ። ሐሙስ ሐሙስ እጽፋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ ያን ሰሞን ሠርጉም ለቅሶውም ሐሙስ ቀን ሆነ። አንድ ቃል ስፈልግ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ባለቤቱ ለብሶት መስታወት ፊት ብዙ ከቆመ በኋላ፣ “እትዬ ዘይነባ፣ እጄ ነው ወይስ ኮቱ?” አለኝ። መጻሕፍትህንም ጀምሬአቸዋለሁ። ክር ያደረግክበት ገጽ ላይ ሁሉ ቆሜ ምን አይተህ እንደሆነ እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ምንም የለም። ደንበኛ መጥቶብህ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ሁለቱ ተሰበሰቡ። ሃያ ሦስተኛው የለም። ስም ስለሌለው ማን ዘንድ እንደምሄድ አላወቅኩም። ፎዚያ በሃያ ሁለቱ ይታተም አለች። እምቢ አልኳት። መጨረሻውን በገዛ እጄ ለማን እንደሰጠሁት ሳላውቅ መጽሐፉ ወጥቶ ምን ብዬ አነበዋለሁ? እውነቱን ልንገርህ፣ ከሞትህ ቀጥሎ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ባሌ ሰፍቶልህ ያውቃል ወይ እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄደ። መኪናው ዘይት ፈልጎ ስለነበር ፔዳሉንም አልነካሁትም። በሰበቡ የመተኮሻ ጠረጴዛውን ብርድ ልብስ ልጠበው ብዬ ገፈፍኩት። ከሥሩ አንድ ካኪ ወረቀት ተነጥፏል። ዓመት ከሁለት ወር በላዩ ላይ ልብስ ተኩሼበት አንድ ሽብሽብ የለውም። የቀሚስ ልክ ነው። የባለቤቱ ስም ቦታ ባዶ ነው፤ ጥጉ ላይ ግን ለማስታወሻ ያህል የዚያች ሙሽራ፣ የዚያ የተጣላንበት ቀን ሙሽራ፣ ስምና ቀጠሮ ተጭሯል። ከመሃሉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

የሰውን ልክ ሁሉ በሜትር ለካሁት፤
ያንቺን ብቻ ሳልነካ በዓይኔ አወቅሁት።

ከዚያ በታች ስድስት ስንኝ አለ፤ እሱን ለሰው አላነብም፣ መጽሐፉም ውስጥ አይገባም፣ ፎዚያ ብትቆጣም። ወረቀቱን እስከ ጫፉ አገላብጬ አየሁት። መብራት መጣ የሚል የትም የለም። እስከ መጨረሻው ጽፈኸዋል። አምፖሉ በርቶ አልመጣም ያልከኝ ለካ እኔን እየጻፍክ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምሳህን ይዤብህ ሄድኩ።

ዓይንህ ግን ትንሽ አታሎሃል። በራሴ ላይ ዘርግቼ ብለካው ወገቡ በአራት ጣት ጠቦኛል። የለካኸው የሠርጋችንን ዘይነባ ነው። እንደ ሀጂ ኡመር ቅጥያ አበጅቼለት ቀሚሱን ልሰፋው ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ቀን እለብሰዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም እዚያው ቅጥያው ላይ ነው። ለወደፊቱም ብዬ ሰፋ አድርጌ ስለቆረጥኩት ቦታ አልቸገረኝም።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ በሩን ወደ ላይ ባነሳሁ ቁጥር፣ የሰው ወገብ ላይ ሜትር በጠመጠምኩ ቁጥር ብረሳህስ እንዴት ይሆንልኛል። ትናንት አንድ የአቦምሳ ሽማግሌ ስለካ፣ እናትዎ ምን ይዘፍኑ ነበር አልኳቸው። እስኪዘፍኑ ድረስም አልፈታኋቸውም። ሃያ አራተኛው እሳቸው ናቸው።

ወፍጮው መጮህ ጀመረ። አምፖሉም ከራሴ በላይ በርቷል። በሩ ላይ የልጃቸውን ዩኒፎርም ሊወስዱ የመጡ እናት ቆመዋል። “መብራት መጣ እኮ” አሉኝ።

ቀና ሳልል አልመጣም አልኳቸው።

ዘይነባ