አሚን ያልነው ለዕድሜያቸው ነው

ይድረስ በካማሺ ለሚገኙት፣ እንደ እናት አሳድገው ለዚህ ላበቁኝ ለውድ እኅቴ ለእትዬ እስከዳር።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከጉልበትዎ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? በክረምቱ እርጥበት የተነሣው ቁርጥማት በበጋው ለቀቀዎት ወይስ እንደያዘዎት ነው? እናታችን እማማ ወለተሥላሴስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ጋሼ ቡሴ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሳይቀር እንደምን ከረማችሁ? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ አድራለሁ።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ሳይቋረጥ በፊት፣ «ጌታህን ከወንበራቸው ገለበጥህ የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሴን ልጀምር ስል ኔትወርኩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ በልብዎ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትሁ። መንገዱ እንዲያ ተበላሽቶ ሳለ ወሬው ካማሺ መግባቱም ገርሞኛል። ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ከሟቹ አባታችን ጋር ስለነበራቸው ወዳጅነት፣ በእርስዎም ልመና፣ በቀርከሃ ዕቃ መሥሪያቸው ሥራና ማደሪያ የሰጡኝ ሰው ናቸው። ይህን የምረሳ ከሆነ እህል ውሃው ይፍረድብኝ። ስለዚህ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ፤ ቁጣም ካለብዎት አስነብበው ሲጨርሱ ይቆጡኝ።

ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ከአልጋና ከመደርደሪያ ሥራቸው ሌላ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የክልል ሰብሳቢ እንደሆኑ ያውቃሉ። የፓርቲው የምርጫ ምልክት ወንፊት ስለሆነ በአሶሳ ሰው ሁሉ «ወንፊቶች» ይለናል። «ይለናል» ማለቴን አስተውለውብኝ ይሆናል፤ አዎን፣ አባል ከሆንሁ ዓመት አልፎኛል። ወደ መንዲ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን ሀይደር የገዢው ፓርቲ ደጋፊ ነውና ባየኝ ቁጥር፣ «እናንተ ወንፊቶች፣ ዛሬስ ስንት ባልዲ ውሃ ቋጠራችሁ?» እያለ ይስቅብኛል። አንድ ቀን የፓርቲያችን አባል ወይዘሮ ሰዕዲያ ሰምተውት፣ «ያ ሀይደር፣ ውሃማ እናንተ ቋጥራችሁብናል፤ እኛ የመጣነው ጠጠሩን ለመልቀም ነው» ብለው ዝም አሰኙት። እኚህ ሴት የመንጌ ተወላጅ ናቸው፤ በወንዝ ወርቅ የሚያጥቡትን ሴቶች አሰባስበው፣ ነጋዴ በሚዛን እንዳያታልላቸው ማኅበር ያቋቋሙ ናቸው።

እትዬ፣ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብለው እንደመከሩኝ አልዘነጋሁም። ነገር ግን ኮረንቲውስ ቢሆን በሩቁ ቆሞ የማንን ቤት ያበራል? እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁት ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአቅራቢያችን ስላልነበረ ነው። እርስዎም ሙላቱን የወለዱት ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ከመንገድ ላይ ነው። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ገዢው ፓርቲ ብቻውን ሲሮጥ ምንጊዜም አንደኛ ይወጣል፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ደግሞ ቢያዘግምም የሚያውቅበት የለም። ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። አዲስ አበባ ላይ መግለጫ ያወጣሉ፤ በጉባኤ የተሸነፈው መሪ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ወጥቶ ሌላ ፓርቲ ያቋቁማል። ወደ እኛ ሲመጡ ብሔራችንን ይጠይቁናል እንጂ ጤና ጣቢያችን መድኃኒት እንዳለው አይጠይቁንም። ሴቶቹ አግዳሚ ተሸክመው፣ ውሃ ቀድተው፣ ከኋላ ይቀመጣሉ። «ከላይ ያለው ይውረድ» የሚል ሰው የራሱን ቦታ የሚለቅበት ቀን ከሌለው፣ እኔ ቃሉን አምኜ ምኑ ላይ ላሳርፈው?

የእኛም ቤት ከዚህ አላመለጠም ነበር። ጋሽ ዓብዱልላጢፍ በዚህ ዓላማ ምክንያት ታስረው የተፈቱ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። የሰብሳቢ ምርጫ በደረሰ ጊዜ ሁሉ ግን ነገሩ የሚያልቀው በአንድ መንገድ ነበር። ሼክ ሱለይማን ስብሰባውን በዱዓ ይዘጋሉ፤ «አላህ ዓብዱልላጢፍን ያቆይልን» ይላሉ፤ ሁላችንም «አሚን» እንላለን፤ ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ተመረጡ» ብሎ ይጽፋል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። በሽማግሌ ምርቃት ላይ አፉን የሚዘጋ ማን ይገኛል?

ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ ሰብሳቢ ለመምረጥ በግቢያችን ማንጎ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ከአዲስ አበባ የመጣው ተወካይ የከሰዓቱ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ፣ አገር አቀፉ ምርጫ ሰኔ ላይ ስለሆነ አሁን መሪ መለወጥ አይገባም አለ። የመንጌ ሴቶች ወይዘሮ ሰዕዲያን ጠቁመው ነበር፤ እሱ ግን «በኋላ እናየዋለን» ብሎ አለፋቸው። ሼኩም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም አሚን አልን፤ ጸሐፊው ብዕሩን ከፈተ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ እግሬ ከእኔ ሳይማከር አስነሣኝ። «ሼኬ፣ አሚን ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን ለጋሽ ዓብዱልላጢፍ የለመንነው ዕድሜ ነው፤ ሥልጣን አልለመንንም። ምርቃቱ ይድረሳቸው፤ ድምፁ ደግሞ ይቆጠር» አልሁ። ከኋላ አንዱ፣ «ይኼ የማን ልጅ ነው?» ቢል ሌላው፣ «የራሳቸው ሠራተኛ ነዋ! የዛሬ ምሳውን አጣ» ብሎ መለሰለትና ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ምሳዬን ብቻ ሳይሆን ማደሪያዬንም እንዳጣሁት ታውቆኝ ነበር፤ ጋሽ ዓብዱልላጢፍን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርሁም።

ያዳነኝ የሼክ ሱለይማን ቃል ነው። «ልጁ ምን አጠፋ? እኔ አላህን የለመንኩት ዕድሜና ጤና ነው። መምረጥ ከፈለጋችሁ ምረጡ፤ የእኔን ዱዓ ግን ቃለ ጉባኤ ውስጥ አታስገቡብኝ» አሉ። ተወካዩም ሰዓቱን እያየ፣ «እሺ፣ ብቻ ፍጠኑ» አለ። ማንበብ የማይችሉ ብዙ ስለነበሩ ሴቶቹ በቆሎና ማሽላ አመጡ፤ በቆሎው ለጋሽ ዓብዱልላጢፍ፣ ማሽላው ለወይዘሮ ሰዕዲያ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ እየገባ አንዷን ፍሬ ቅል ውስጥ ጣለ። ቅሉ በነጠላ ላይ ሲገለበጥ ማሽላው በለጠ። የመንጌ ሴቶች እልልታ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ተነሥተው ማኅተሙን ለወይዘሮ ሰዕዲያ ሰጡ፤ ከዚያም እልልታው ሳያበቃ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ለጠላቴም አልመኛቸውም። ቀርከሃውን እሳቸው ራሳቸው ይሰነጥቃሉ፤ «አምጣ» ወይም «ተው» አይሉኝም። እኔም ከመባረሬ በፊት ልሂድ ብዬ ልብሴን ቋጠርሁ። ልሰናበት ስወጣ ባለቤታቸው እትዬ ኸድራ ቋጠሮዬን አይተው ጮኹ፦ «ያ ዓብዱልላጢፍ፣ ና እይ! ይህን ልጅ ብታባርር ወላሂ እኔም ሌላ ባል እመርጣለሁ! ስብሰባ ስብሰባ እያልክ እራት አብረኸኝ በልተህ ታውቃለህ? ይኸው ዲማ ነው ባሌን የመለሰልኝ!» አሉ። ጋሽ ዓብዱልላጢፍ መጋዛቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ። ድምፄን ለማን እንደሰጠሁ ጠየቁኝ፤ ልዋሽ አልቻልሁም፣ «ለወይዘሮ ሰዕዲያ» አልሁ። «አውቄያለሁ» አሉ። «ከፍቶኛል። አልዋሽህም፣ በጣም ከፍቶኛል። ግን መንግሥትን «የተቃወመህን አታባርር» እያልኩ ስጮኽ ኖሬ አንተን ባባርር፣ ያ ሀይደር በሚኒባሱ እየዞረ አይዘፍንብኝም? ሂድ፣ ቀርከሃው ሳይደርቅ ሰንጥቀው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ እየለዘበ ነው። እንደ ድሮው አይቀልዱብኝም፤ ነገር ግን ትናንት ከራሳቸው ሳህን አጎረሱኝ። ባለፈው ስብሰባ ደግሞ ከኋላ አግዳሚ ተቀምጠው፣ «ሰብሳቢዋ፣ ሰዓት አልፏል! ስለ ባምባሲ መንገድ መቼ ነው የምንነጋገረው?» እያሉ ወይዘሮ ሰዕዲያን ሲያፋጥጡ ነበር። እኔ በልቤ፣ ተቃዋሚነት ለካ እንዲህም ያምርባቸዋል አልሁ። ወንፊት በሰኔ ያሸንፋል ብዬ አልመካም፤ እንዲያውም መሸነፋችን አይቀርም። ሆኖም መሪያችንን በሰላም መለወጥ ችለናል፤ ይህን ያየ ሰው ከላይ ያሉትንም እንዲሁ መለወጥ ይቻላል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

ለእናታችን ለእማማ ወለተሥላሴ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለጋሼ ቡሴ አክብሮታዊ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሙላቱ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አጎትህ ለምኖሃል ይበሉት፤ ትንሿንም በሁለቱ ጉንጮቿ ይሳሙልኝ። ጋሽ ዓብዱልላጢፍና እትዬ ኸድራም ሰላም ብለዋችኋል፤ ሰላምታውን ጻፍ ያሉኝ ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ሀይደር እስከ መንዲ ያደርስልኛል፤ ከዚያ ወደ ካማሺ ለሚመጣ ሰው ይሰጠዋል።

ስለ እኔ አይጨነቁ። ልብሴን ከቋጠሮው ፈትቼ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ታዛዥ ወንድምዎ
ዲማ

አሶሳ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.