የባሕር ዓሣና በሬዬ ቦራ

ለምወድህ ወንድሜ ለጓዴ፤

እንደምን ከርመሃል? የምጽዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ሐረገ ወይንስ ከወባዋ ተነሣች ወይ? ልጃችሁስ ጥርስ አበቀለ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻም አይደለሁ፣ ሰሞኑን መንገድ ላይ ብቻዬን የምስቅ ሆኛለሁ፤ ተማሪዎቼ እትዬ ብርነሽን ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም። እምዬም ጉልበቷ ትንሽ ቢያማት ነው እንጂ ደኅና ናት።

አሁን ነገሩን ልንገርህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ከግራዝማች እንየው ጋር ስንፋታ፣ ሽማግሎቹ ንብረት ሲያካፍሉ፣ ቦራን እንዴት እንደወሰደብኝ ታውቃለህ። እናቱ ሞታበት በእጄ ወተት እያጠጣሁ ያሳደግሁት በሬ ነው። ሴት በሬ ምን ያደርግላታል፣ ቀለሟን ትጥመድ ብሎ ሽማግሎቹን አሳቃቸውና ቦራንም ጥማዱን ዳልቻንም ይዞ ቀረ፤ ለእኔ የነጠፈች ላም ደረሰችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

በጥቅምት የላክህልኝን ፎቶግራፍ፣ ያን ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሲዋኝ ያነሣኸውን፣ ግራዝማች ሰው ነግሮት ሊያይ መጣ። አምስት ዓመት ያልረገጠውን ደጄን ረገጠ። በግንቦት የሚካኤል ማኅበር ተራው የሱ ነበርና ለጀማሪ የሚሆን ትንሽ የባሕር ዓሣ ሣጥን ስንት ብር እንደሚፈጅ ወንድምሽን ጠይቂልኝ አለኝ። ጠየቅሁህ፤ አንተም ዝርዝሩን ላክህ።

ዝርዝርህ ያማረ ነበር። መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ሣጥኑ፣ ከዚያ ነፋስ የሚሰጠው ጎማ፣ ዓሣው ከሁሉ መጨረሻ። ካለው ገንዘብ ሲሶውን ለሚሞተውና ለሚሰበረው ያስቀምጥ ብለህም ነበር። እሱ ፊደል አያውቅምና ላነብለት ተቀመጥሁ። ገና ውኃ ከማለቴ አቋረጠኝ። ወንዝ ከደጄ እየወረደ ውኃ በገንዘብ የምገዛ ቂል መሰልሁሽ ወይ፣ ጨው እንደሆነ አሞሌ ሞልቶኛል፣ ይልቅ የዓሣውን ንገሪኝ አለ። ነገርሁት፤ ስድስት ዓሣ በሦስት ብር። ለዚህ ነው እንዴ አገር የሚደነቀው ብሎ እየሳቀ ሄደ። አሞሌ የባሕር ውኃ አይሆንም ብለህ ሁለት ጊዜ ያሰመርህበትን ወረቀት አጥፌ ከሣጥኔ ከተትሁት። አልዋሸሁትም ጓዴ፤ የጠየቀኝን መለስሁለት።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ብታይ። መስተዋቱና የብረት ማዕዘኑ ከጎንደር ሠላሳ ስምንት ብር። ከደብረ ታቦር በሰው ትከሻ ለመጣበት ስድስት። አንዱ መስተዋት መንገድ ላይ ተሰብሮ ዘጠኝ ብር እንደገና። ጎማው አሥራ አንድ። ዓሣዎቹ ሊጫኑ ነው፣ የመኪናና የበቅሎ ኪራይ አስቀድሞ ይላክ ብለህ ስትጽፍ ኪሱ ባዶ ነበር። አገሩን ሁሉ ጠርቶ ነበርና ማፈግፈግ አልቻለም፤ ቦራን ገበያ አወጣው። ሰባ ብር የሚያወጣውን በሬ በሃምሳ አምስት ጣለው። የገዛው ነጋዴው አሕመዲን ነው፤ ገንዘቡ ግን የእኔ፣ ሁለት ዓመት ከደመወዜ ያጠራቀምሁት።

ግንቦት ፲፪ ቀን ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ከስድስቱ ዓሣ አራቱ በዳሞጃናቸው፣ በዚያ በትልቁ ጠርሙስ፣ በሕይወት ደርሰው ነበር፤ በቅሎዋ ስትንጣቸው ውኃው ነፋስ ሳያገኝ አልቀረም። ቢጫና ሰማያዊ ናቸው፤ እንደዚያ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም። አዲሲቱ ሚስቱ የሻረግ ሁለት አሞሌ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በወንዝ ውኃ በጥብጣ ሣጥኑን ሞልታዋለች። እኔንም ጠርቶ ከፊት አቁሞኛል፤ ሊያሳየኝ ነዋ። ዓሣዎቹ ገቡ፤ ሰው ተደነቀ። ጠላው አንድ ጊዜ ሳይዞር አንዱ በጎኑ ተኛ፣ ከዚያ ሌላው። ግራዝማች መስተዋቱን በጣቱ እየቆረቆረ ዋኙ እያለ ያዛቸው ጀመር። አራተኛው ሆዱን ወደ ላይ ሲያደርግ መምሬ ደምሌ፣ ግራዝማች፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ ዓሣዎችዎ ቀድመው ጾሙ አሉ። ቤቱ በሳቅ ተነቃነቀ። እሱ የሻረግን በሰው ፊት ሰደባትና አመድ መስላ ቆማ ታለቅስ ነበር። ለእሷ ትንሽ አዘንሁ፣ ለዓሣዎቹም። ከዚያ በላይ አላዘንሁም።

በማግስቱ አሕመዲን ቦራን ከደጄ አሰረልኝ። ድምፄን ሲሰማ አንገቱን ሰጠኝ።

አሁን እርሻ ደርሷል፤ ለእሱ ዳልቻ ብቻውን ቀርቷል፣ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ሽማግሌ ልኮ፣ በመቀናጆ ሁለቱን ጠምደን አንድ ቀን ለእኔ አንድ ቀን ለእሷ እንረስ አለኝ። ወንድ በሬ ምን ያደርግለታል፣ ዓሣውን ይጥመድ ብዬ መለስሁ። ሽማግሎቹ ሳቁ፤ ያኔ የሳቁትም እነሱው ናቸው። እኔ ከጎረቤቴ ከተዋበች በሬ ጋር ተቀናጅቻለሁ፤ ባሏ ያርስልናል።

ታዲያ አላረፈም። ትላንት ራሱ መጣ። ያኔ ማቋረጤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሣጥኑ እንዳለ ነው፣ የሳቁብኝን አፋቸውን ሳላስይዝ አልሞትም፣ አሁን ሁሉንም ንገሪኝ ብሎ ከደጄ ቆመ፤ ተቀመጥ አላልሁትም። ስለዚህ ጓዴ፣ ዝርዝሩን እንደገና ጻፍልኝ፤ አንድም ሳትቀንስ፣ አንድም ሳትጨምር። የባሕሩ ውኃ ስንት ዳሞጃን፣ እያንዳንዱ በበቅሎ ስንት፣ ለሚሞተው የሚቀመጠው ሲሶ ስንት። አሁን ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ፤ ደምሬም አሳየዋለሁ። ድምሩ ከዳልቻ ዋጋ በታች አይወጣም፤ ዳልቻን ገበያ ሲያወጣው እንዲገዛልኝ ገንዘቡን ለሌላ ነጋዴ ለጁሃር ከወዲሁ ሰጥቼዋለሁ።

ሐረገ ወይንን ስለ እኔ ሳማት፤ ኮሶና ድንብላል እልክላታለሁ። ትንሹን ገብረ ሥላሴን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። እምዬ ዘርፌ ከእሳቱ ዳር ሆና እየመረቀችህ ነው፤ የላክህላትን ነጠላ ለትንሣኤ ለብሳዋለች። ተዋበችና ባሏ እንዴት ነህ ይሉሃል። ቦራም ደኅና ነው።

እኅትህ ብርነሽ
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ሰኔ ፮ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.