ጥቁሩን ሱፍህን ሲጠይቁኝ

ሄኒዬ፣

እህትህ ሳባ ስትደውል፣ ለቅዳሜው የታንጎ ዳንሳችን የምትለብሰውን ጥቁር ሱፍህን እየተኮስኩ ነበር። «የሄኖክ ሱፍ አንቺ ጋ ነው አይደል? ቶሎ አምጪልን፣ የምናለብሰው አጣን» አለችኝ። «ወዴት ሊሄድ ነው?» አልኳት። «እንዴ፣ እስካሁን አልሰማሽም?» አለች።

አንድ እጅጌ ቀርቶኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ተኮስኩት።

ከተለየኸኝ አምስት ወር አለፈ። እስካሁን አላለቀስኩም።

አክስትህ መርዶህን እንዴት እንደሰማች ነግረውኛል። ልቧን ያማታል ብለው ቄሱንና ጎረቤቶቿን ይዘው ማልደው በሯን አንኳኩ። የእኔን በር ያንኳኳ የለም። ስልክህን ሳታነሳ ስትቀር ሥራ በዝቶብህ መስሎኝ ነበር። ከፍሪሞንት ስትመለስ መኪናህ እንደተገለበጠ፣ ሆስፒታል አድረህ እንዳረፍክ፣ ሱፉን ይዤ ሳን ሆዜ እናትህ ቤት ከደረስኩ በኋላ በር ላይ ከቆሙ ሰዎች ወሬ ለቃቀምኩት።

ለቅሶው ላይ እናትህ አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር። ልቀመጥ ስል ሳባ ክንዴን ያዘችኝ። «የኔ ቆንጆ፣ እዚያ የቤተሰብ ነው።» ማን ናት ለሚላት ሁሉ «የዳንስ ጓደኛው» ትል ነበር። አንተ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልትልክ እንደነበር ታውቃለች፤ ሽማግሌዎቹን አብራህ የመረጠችው እሷ ናት። እናትህ አዩኝ፣ አንገታቸውን ደፉ። የሚያስተናግዱት ሴቶች የሻይ ትሪ ሰጡኝ፣ አዞርኩ። አንዲት ሴትዮ ስኳር አነሰው አለችኝ፣ ጨመርኩላት።

ኦክላንድ ያለው ቤቴ እንደነበረ ነው። የታንጎ ጫማህ ከበሩ ኋላ አለ። ቴሜስካል ሰፈር የምንበላበት ምግብ ቤት ባለቤት ብቻዬን ሲያየኝ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። እንደዚያ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ምግቡን በልቼ ወጣሁ።

መኪናህ ውስጥ የታንጎ ዘፈኖቹን ስተረጉምልህ ትዝ ይልሃል? «በርክሌ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ስፓኒሽ የጠቀመሽ ለዚህ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። አንዱ ጥላው የሄደችውን ይጠራል፣ ሌላው የሞተችበትን። ዘፋኞቹ ሁሉ ሸምግለዋል፣ ሐዘኑ ግን ለአንዳቸውም አልወጣላቸውም። «ምነው ይሄ ሰውዬ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ዘመድ የለውም? ሦስት ቀን አብረውት ቢቀመጡ እኮ ይወጣለት ነበር!» እያልክ መሪውን ትመታ ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር።

አሁንም እሰማቸዋለሁ። አያስለቅሱኝም። የሰውዬው ሐዘን ለምን እንደማያበቃ ግን ገብቶኛል። ማንም አብሮት አልተቀመጠም።

የመንፈቅ ተዝካርህ ደርሷል። ሳባ «የሚያስተናግድ ሰው ጎድሎናል፣ ነይና አግዢን» ብላ ጻፈችልኝ። እመጣለሁ፣ ትሪ ግን አልይዝም አልኳት።

ያን ቅዳሜ ልለብሰው የነበረውን ጥቁር ቀሚስ እለብሳለሁ። እናትህ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ወንበሩ ከተያዘ ወለሉ ላይ። ማልቀስ ከመጣልኝ እዚያው አለቅሳለሁ፣ ካልመጣም ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አንተን ለማስታወስ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም፣ በሕይወት እስካለሁም አስታውስሃለሁ።

«የዳንስ ጓደኛው» የሚለውን ስም ግን፣ ሄኒዬ፣ ከእንግዲህ ከማንም አፍ አልቀበልም።

ሄለን