ቢጫ የቀባሁት ዋግ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፤

የሚከተለው መግለጫ ለሰፊው ሕዝብ ይድረስ፦ ስድሳ ዓመት በሥልጣን ላይ የቆየው የፊት ጥርሴ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቆሎ ስበላ፣ ያለ ምንም ደም ወርዷል። የሚተካው አልተገኘም።

ከሳቅሽ ዘንዳ፣ ጤናሽ እንደምን ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። አገራችን ኮሶዬም ብርዷን አልተወች። የፊደሌን መግዘፍ አይተሽ «አባባ እንደገና ሀሁ ጀመሩ» እንዳትዪ።

አሁን ወደማልቀልድበት ልግባ።

ክረምት ላይ የጎረቤታችንን የፋንታሁንን ስንዴ ዋግ ሲመታው፣ «የታመመውን ቅጠል አይላኩ፣ በሽታው ይዛመታል፤ እንዳለ ሥለው ይላኩልኝ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አርባ ዓመት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን የሣልሁ ሰው፣ ለቅጠል በሽታ ተፈለግሁ ብዬ ኮራሁ። በየሳምንቱ ማሳው ዳር ተቀመጥሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ማሩ መጥቶ «ይሄ ደግሞ የትኛው ቅዱስ ነው፣ አያ?» ቢለኝ፣ «ቅዱስ ዋግ ነው፤ ስለት ካለህ ሳይመሽ አስገባ» አልሁት።

ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። ነጠብጣቡ ቅጠሉ ላይ እንደ ፈሰሰ ጤፍ የተበተነ ነበር። የኔ እጅ ግን ዝብርቅርቅ አይወድም፤ መላእክትን እንደማሰልፍ እሱንም በመስመር በመስመር አሰለፍሁት። ቀይ ቀለም ደግሞ ከከተማው ገበያ ከአራዳ ሱቆች ጠፍቶ ነበርና በቢጫ ቀባሁት። አንቺም እኔን አምነሽ «ቢጫ ዋግ ነው» ብለሽ ጻፍሽ። ተሰልፎ የሚወጣው ቢጫው እንደሆነ እኔ ከየት ልወቅ!

መምህርሽ ራሳቸው መጥተው ማሳውን ቢያዩት ቀዩ ዋግ ሆኖ ተገኘ። የፋንታሁን ሚስት ይርገዱ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች። «ልጅቱ ያላየችውን ፈጥራ ጽፋለች፤ ውጭ አገር ሄደው ከሚማሩት ስሟ ይሰረዛል» ብለዋል። «ሥዕሉን ራሴ ነኝ የሣልሁት» ብለሽ እንደሸፈንሽኝም ነግረዋታል። ለኔ የጻፍሽልኝ ግን «ሥዕልዎ ሁሉን አስደነቀ» ብቻ! ምነው ልጄ? ማን ለመነሽ?

በዚህ ዕድሜዬ ቅዱሳኑ መልካችንን አበላሸህ ብለው ከሰውኝ አያውቁም። ስንዴ እንደሚከስ አላወቅሁም ነበር። እንዳለ ሣል ተብዬ አሳመርሁት፤ ያሳመርሁትም በአንቺ እንጀራ ላይ ነው። ይህ ሐሳብ ከእህል ከውሃ ለይቶኛል።

ይህን ወረቀት ለመምህርሽ አሳዪልኝ። ሠዓሊው እኔ፣ ጥፋተኛውም እኔ እንደሆንሁ ይኸው በእጄ ጽፌያለሁ። በኔ አፍረሽ እንዳትደብቂው። ስምሽ ካልተመለሰ ራሴ በአውቶቡስ መጥቼ ቢሯቸው በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ግትርነቴን ታውቂያለሽ።

እጅሽ የነካው ቡቃያ ሁሉ ይለምልም። የሄድሽበት አገር ሰው አርጎ ይመልስሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ።

አሳማሪው አያትሽ
ኮሶዬ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

አንድ ነገር ቀረኝ። ቀይ ቀለም ከአራዳ ጠፋ ያልሁሽ ፈጥሬው ነው። የቀዩ ጣሳ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ዓይኔ ነው። ትናንት ይርገዱን «እስቲ ቀዩን አቀብዪኝ» ብላት፣ «ምነው አያ፣ በእጅዎ ይዘውት የለ?» አለችኝ።